ተድባበ ማርያም፦ የዐፄ ገላውዴዎስ ማረፊያ

በወሎ፣ በአማራ ሳይንት ምድር፣ ጥንታዊቷ ተድባበ ማርያም ትገኛለች። አበው እንደሚተርኩት በብሉይ ኪዳን ዘመን መሥዋዕተ ኦሪት ከተሠዋባቸው የሀገራችን ቦታዎች አንዷ ናት። ስለ ሃይማኖታቸው ብዙ የደከሙት ንጉሥ ዐፄ ገላውዴዎስ ያረፉት በዚህች የገጠር ደብር ነው።

ገላውዴዎስ የዐፄ ልብነ ድንግልና የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ናቸው። በ1533 ዓ.ም. ሲነግሡ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው፣ ካህናት ተበትነው፣ ብዙ ምእመናንም ከሃይማኖታቸው ወጥተው ነበር። ንጉሡ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ድል ካደረጉ በኋላ የተበተነውን ሰበሰቡ፤ ከእስክንድርያ ጳጳስ አስመጡ፤ ተድባበ ማርያምንም አሳንጸው መተዳደሪያ ርስት ሰጧት።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከወዳጅ ወገን ነው። በጦርነቱ የረዱት ፖርቱጋሎች ንጉሡ የሮምን እምነት እንዲቀበሉ ግፊት በረታባቸው። እርሳቸው ግን ውለታውን ሳይክዱ ሃይማኖታቸውን አጸኑ። በ1547 ዓ.ም. በጻፉት የእምነት መግለጫም ሰንበትን ማክበራችን እንደ አይሁድ እንዳልሆነ፣ ግዝረትም የሀገር ልማድ እንጂ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም እንዳልሆነ በትሕትና አስረዱ።

መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም.፣ በሰሙነ ሕማማት፣ ከሐረሩ አሚር ከኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ራሳቸውም ተቆርጦ ተወሰደ። በኋላ የአርመን ነጋዴዎች ገዝተው አንጾኪያ እንዳደረሱትና በስም አቻቸው በሰማዕቱ ቅዱስ ገላውዴዎስ መቃብር እንዳኖሩት ይተረካል። አካላቸው ግን ባሳነጿት በተድባበ ማርያም ዐረፈ።

ከዚህ የምንማረው አለ። በገጠር አጥቢያዎቻችን ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ንጉሡም ገበሬውም በአንድ አፈር ያርፋሉ፤ ሁሉም የአንዲት ቤተ ክርስቲያንን ጸሎት ይሻሉ። እኛ ዛሬ በእምነት የቆምነው እነርሱ ስለጠበቁልን ነው። ስለዚህ ከተማ የገባን የየአጥቢያው ልጆች አባቶቻችን ያረፉበትን ዐፀድ አንርሳ፤ አጥሩን እናጽና፤ ማኅሌቱና ቅዳሴው እንዳይታጎል ካህናቱን እንርዳ፤ በጸሎትም እናስባቸው።

የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን፤ አሜን።