ሰርጌይ አይዘንስታይንና የእርሳስ ንድፎቹ

ፊልም የሚቀናበረው ተነሥቶ ካለቀ በኋላ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው የሚል ባልደረባ ቢኖር የሰርጌይ አይዘንስታይንን ሕይወት ሲመረምር ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። ይህ የሶቪየት ዲሬክተር እ.ኤ.አ. በ1898 በሪጋ ከተማ ከአርክቴክት አባት ተወለደ። በፔትሮግራድ ምህንድስና ሲማር ቆይቶ በ1918 ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቀይ ጦር ገባ፤ ከዚያም በሞስኮ በቴአትር ሥራ ተሰማራ።

ዝናን ያተረፈለት በ1925 የተሠራው «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ነው። የሚገርመው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የኦዴሳው ደረጃ ትዕይንት በመጀመሪያው ጽሑፍ አልነበረም፤ የታሰበው ቦታው ከታየ በኋላ ነው። ቢያንስ በወጣትነቱ አስቀድሞ የተነደፈው ነገር ሰንሰለት አልሆነበትም።

በ1930 መጨረሻ ወደ ሜክሲኮ ተሻገረ። ለዓመታት ትቶት የነበረውን ሥዕል እንደገና የያዘው እዚያ ነው። ከ50,000 ሜትር በላይ ፊልም ካነሣ በኋላ ግን የገንዘቡ ምንጭ የነበረው ደራሲ አፕተን ሲንክሌር ሥራውን አስቆመ፤ ከፊልሙም ከፊሉ በሌሎች እጅ ተቆራርጦ በ1933 ለሕዝብ ቀረበ። ለቅንብር ሰው ከዚህ የከፋ ሐዘን ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። ወደ አገሩ ተመልሶ የጀመረው «የቤዢን መስክ»ም በ1937 ታገደ፤ ቅጂውም ጠፋ። የተረፉት ከየቀረጻው ተቆርጠው የተቀመጡ ጥቂት ፍሬሞች ብቻ ሲሆኑ፣ በ1960ዎቹ ባለሙያዎች የጽሑፉን ቅደም ተከተል ይዘው ደረደሯቸው።

እርሳሱ እጅግ የበረታው ግን «ኢቫን አስፈሪው»ን በ1941 ማሰናዳት ሲጀምር ነው። ጦርነቱ ስቱዲዮውን ወደ አልማ አታ አሸሸው፤ ቀን ቀን ኤሌክትሪኩ ለጦር ፋብሪካዎች ስለሚውል ቀረጻው በአብዛኛው በሌሊት ይካሄድ ነበር። አይዘንስታይን ግን ዛሬ ስቶሪቦርድ የምንለውን ዓይነት ሥራ አስቀድሞ ጨርሶ ነበር፤ የንጉሡ አንገት እንዴት እንደሚዞር፣ ጥላው በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚወድቅ፣ ከአንዱ ምስል ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ ሁሉ በወረቀት ሰፍሯል። ጉዳት አልነበረውም አይባልም፤ ዋናው ተዋናይ ኒኮላይ ቼርካሶቭ ገላውን ከሥዕሉ ጋር ለማስማማት ሲጣመም መሰቃየቱን በምሬት ተናግሯል።

የመጀመሪያው ክፍል በ1946 የስታሊንን ሽልማት አገኘ፤ በደስታው ግብዣ ሌሊት ዲሬክተሩን የልብ ሕመም ጣለው። በዚያው ዓመት ሁለተኛው ክፍል ታገደ፤ እስከ 1958ም ሳይታይ ቆየ። አይዘንስታይን በየካቲት 1948 በ50 ዓመቱ ዐረፈ። ለሦስተኛው ክፍል ከተነሣው ፊልም አብዛኛው ተደመሰሰ፤ የዚያን ክፍል ሐሳብ ማወቅ የሚሻ ሰው የሚመለከተው በሞስኮ መዝገብ ቤት የተቀመጡትን የእርሳስ ሥዕሎች ነው።