ስንቅ አመላላሿ አን ጀድሰን

እስር ቤት ደጃፍ ስንቅ ይዞ የቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጥበቃው፣ ፍተሻው፣ የዘበኛው ፊት፣ ዛሬ አይገባም ተብሎ መመለሱ። ከሁሉም በላይ ግን ሰሃኑ ባዶውን ተመልሶ እስኪወጣ ያለው ጭንቀት ነው። ባዶ ሰሃን ማለት ታሳሪው በሕይወት አለ ማለት ነዋ!

ከ200 ዓመት በፊት እንዲህ ካለ ደጃፍ የማትጠፋ አንዲት አሜሪካዊት ነበረች። አገሩ በርማ ነው፣ የዛሬዋ ምያንማር። ከተማው የንጉሡ መቀመጫ አቫ። ታሳሪው ባሏ። የእሷ ስም አን ጀድሰን ይባላል።

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የባሏ ስም ነው። አዶኒራም ጀድሰን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ በርማ ቋንቋ የተረጎመ ሚስዮናዊ ነው። ልክ ነው፣ ክብሩ ይገባዋል። ግን ተርጓሚውንም ትርጉሙንም ለዚያ ቀን ያበቃችው ስንቅ አመላላሿ ናት። ዛሬ የምናወጋው ስለ እሷ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አን ሃሰልታይን የተወለደችው በ1789 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ብራድፎርድ በምትባል ከተማ ነው። ልጅ ሳለች ጨዋታና ድግስ የምትወድ፣ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማይሆንላት ነበረች ይባላል። ዕድሜዋ 16 አካባቢ ሲደርስ ግን ሃይማኖቷን የምር ያዘች፤ ቆየት ብላም አስተማሪ ሆነች። በ1810 አዶኒራም የሚባል ወጣት የነገረ መለኮት ተማሪ ለስብሰባ ወደ ከተማዋ መጣ። እነ አን ቤት ምሳ ተጋበዘ፤ አያት፤ ወደዳት።

ለአባቷ የጻፈላቸው ደብዳቤ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ልጃቸውን በዚህ ዓለም ዳግመኛ ላያዩዋት ለመሰናበት ፈቃደኛ ይሆኑ እንደሆነ ጠየቃቸው። የሩቅ አገር ሙቀት፣ ረሃብ፣ ውርደት፣ ምናልባትም የግፍ ሞት ሊገጥማት እንደሚችል አንዱንም ሳይደብቅ ዘረዘረ። እንዲህ ተብሎ ልጅ ይጠየቃል? አባትየው ግን ውሳኔውን ለራሷ ተዉት። በዚያን ጊዜ አንዲት አሜሪካዊት ለወንጌል ሥራ ብላ ባሕር ስትሻገር ያልተለመደ ነገር ነው፤ ብዙዎችም ተቃወሙ። እሷ እሺ አለች። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1812 ተጋቡ፤ ሁለት ሳምንት ሳይቆዩ መርከብ ላይ ወጡ።

ጣጣው የጀመረው ገና ከመድረሳቸው ነው። በመርከብ ላይ ሳሉ አዶኒራም ስለ ጥምቀት ሲያጠና፣ መጠመቅ ያለበት ሕፃን ሳይሆን ያመነ ሰው ነው ወደሚለው ሐሳብ አዘነበለ። አን መጀመሪያ ተከራከረችው፤ ኋላ ራሷ አጥንታ ተስማማች። ሕንድ ካልካታ ሲደርሱ ሁለቱም እንደ ባፕቲስቶች ተጠመቁ። ይሄ ማለት ከላካቸው ማኅበር መልቀቅ፣ የሚልክላቸውን ገንዘብም ማጣት ነው። በዚያ ላይ አካባቢውን የሚገዛው የእንግሊዝ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ከአገር እንዲወጡ አዘዘ። አብራት የተሳፈረችው ጓደኛዋ ሃሪየት ኒውዌል ሞሪሸስ ደሴት ላይ በ19 ዓመቷ ሞተች። ጀድሰኖች ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ቆይተው በመጨረሻ ያገኙት መርከብ ወደ በርማ የሚሄድ ነበር። አን የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዚያ መርከብ ላይ ነው። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ጁላይ 13 ቀን 1813 ራንጉን ሲደርሱ ከሕመሙ የተነሳ በእግሯ መራመድ አቅቷት ነበር።

ራንጉን የዛሬዋ ያንጎን ናት። እዚያ ዳቦ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ድንች የለም፤ ያለው ሩዝና በቅመም የተሠራ ዶሮ ነው። መዝገበ ቃላት የለም። ጽሑፉ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጫረ፣ ቃልና ቃል ሳይለያይ የሚቀጥል ነው። አዶኒራም ቀኑን ሙሉ ከመምህሩ ጋር ይቀመጣል። አን ደግሞ ቤት ማስተዳደር፣ ሠራተኛ ማዘዝ፣ ገበያ መግዛት አለባት። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? እሱ የቋንቋውን ሰዋስው አወቀ፤ በንግግር ግን እሷ ቀደመችው። ከገበያ የተማረ ቋንቋ ይፈጥናል።

አሁን አንድ መልእክት ልከን ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ እስኪሆን እንቁነጠነጣለን። እነሱ ለእናት የጻፉት ደብዳቤ ባሕር አቋርጦ መልስ እስኪመጣ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይጠብቃሉ። በ1815 ሮጀር የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ስምንት ወር ሳይሞላው በትኩሳት ሞተ። ዜናው ለአያቶቹ እስኪደርስ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። ያኔ ለቅሶ የደረሱት በርማውያን ጎረቤቶች ናቸው። የአገረ ገዢው ሚስት ሳትቀር አጀቧን አስከትላ መጣች። ሐዘንሽ ይቅለልሽ ብላም በዝሆን ከከተማ ወጣ አድርጋ አናፈሰቻት።

በ1817 መጨረሻ አዶኒራም ለአጭር ጊዜ ብሎ በመርከብ ሄደ፤ ነፋስ መርከቡን አቅጣጫ አሳተው። ወራት አለፉ፤ ሞቷል ተባለ። ከተማው ውስጥ ኮሌራ ገባ፤ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሊነሳ ነው የሚል ወሬም ተናፈሰ። አብረዋቸው የነበሩት ሚስዮናውያን ለመውጣት ወሰኑ፤ አንም አብራቸው ተሳፈረች። መርከቧ ከወንዙ ሳትወጣ ግን ሐሳቧን ለወጠች፤ ብቻዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ አዶኒራም በሕይወት መጣ። እሄዳለሁ ብትል ኖሮ ባዶ ቤት ይጠብቀው ነበር።

የመጀመሪያው በርማዊ፣ ማውንግ ናው የሚባል ሰው፣ የተጠመቀው በጁን 1819 ነው። ከመጡ ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም! በእነዚያ ዓመታት አን ሴቶችን ሰብስባ ታስተምር ነበር፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ዳንኤልንና ዮናስን ወደ በርማ ቋንቋ፣ የማቴዎስን ወንጌል ደግሞ ወደ ታይ ቋንቋ ተርጉማለች። ሕመሟ ሲጸናባት በ1821 ለሕክምና ወጣች፤ በእንግሊዝ በኩል አሜሪካ ደርሳ፣ ስለ በርማ ሥራ መጽሐፍ አሳትማ፣ በ1823 መጨረሻ ተመለሰች። እንደ ተመለሰችም አብረው ወደ አቫ ተጓዙ። አዶኒራም የሐዲስ ኪዳንን ትርጉም በዚያው ዓመት ጨርሶት ነበር፤ ሐሳባቸው በንጉሡ ከተማ ለመሥራት ነው።

በ1824 እንግሊዝና በርማ ጦርነት ገጠሙ። አቫ ያሉ ነጮች ሁሉ ተጠረጠሩ። ለበርማ ሹማምንት እንግሊዛዊና አሜሪካዊ ምን ይለየዋል? ቋንቋው አንድ፣ መልኩ አንድ። በዚያ ላይ የጀድሰኖች ገንዘብ የሚመጣው በእንግሊዛውያን ነጋዴዎች በኩል ነበር። ጁን 8 ቀን ፊቱ ላይ የወንጀለኛ ንቅሳት ያለበት ሰው ከወታደሮች ጋር ገብቶ አዶኒራምን መሬት ላይ ጣለው፤ በገመድ ጠፍሮ ወሰደው።

አን መጀመሪያ ያደረገችው ደብዳቤዎቿንና ማስታወሻዎቿን ማጥፋት ነው፤ የስለላ ማስረጃ ይሆናሉ ብላ ፈራች። የሐዲስ ኪዳኑን ጽሑፍ መሬት ቀበረችው። እስር ቤቱ ጨለማ ቤት ነበር፤ እስረኞቹ ሦስት ሦስት እግረ ሙቅ ታስሮባቸው ሌሊት እግራቸው በቀርከሃ እንጨት ወደ ላይ ይሰቀላል፤ መሬት የሚነካው ትከሻቸው ብቻ ነው።

ስንቅ ማመላለሱ እዚህ ላይ ጀመረ። እስር ቤቱ ለእስረኛ ምግብ አይሰጥም፤ ዘመድ ካላመጣ ሞት ነው። ቤቷ ከእስር ቤቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እጅ መንሻ ይዛ ከሹም ወደ ሹም ትመላለሳለች፤ ሰው እንዳያገልላት የበርማ ሴቶችን ልብስ ለበሰች፤ ማታ በጨለማ ብቻዋን ትመለሳለች። አንድ ቀን አገሩን እንዲያስታውስ ብላ ከጎሽ ሥጋና ከሙዝ የአሜሪካ ፓይ ሠርታ ላከችለት። አዶኒራም አየውና ሆዱ ባባ፤ መብላት አቃተው፤ አጠገቡ ለታሰረው ሰጠው።

የተቀበረው ጽሑፍ በእርጥበት እንዳይበሰብስ አን አወጣችውና ጠንካራ ትራስ ውስጥ ሰፋችው፤ ማንም እንዳይመኘው ሆን ብላ አስቀያሚ አደረገችው። አዶኒራም እስር ቤት ሆኖ ተንተርሶት ተኛ።

ጃንዋሪ 1825 ማሪያ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ሃያ ቀን ሲሞላት ሕፃኗን አቅፋ አባቷን ልታሳይ እስር ቤት ሄደች። አዶኒራም ትኩሳት ይዞት ሲያጣጥር፣ ግቢው ውስጥ የሞተ አንበሳ ጎጆ ባዶ ሆኖ አየች፤ እዚያ እንዲተኛ ለመነችና ተፈቀደላት። የከተማው ገዢም ክፉ ሰው ብቻ አልነበረም። እስረኞቹን በስውር እንዲያስገድል ሦስት ጊዜ ቢታዘዝም ለእሷ ሲል እንዳላደረገው ነግሯታል።

በሜይ እስረኞቹ በባዶ እግራቸው፣ በጠራራ ፀሐይ አውንግቢንሌ ወደሚባል መንደር ተነዱ። አን የት እንደሄዱ እንኳ የነገራት የለም። አፈላልጋ፣ ሕፃኗንና የምታሳድጋቸውን ሁለት በርማውያን ልጆች ይዛ፣ በጀልባና በጋሪ ተከተለች። ያረፉት የእህል ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። በማግስቱ አንዷ ልጅ ፈንጣጣ ወጣባት፤ ቀጥሎ ማሪያ ታመመች። ከዚያ አን ራሷ በተቅማጥ ወደቀች፤ ጡቷም ደረቀ። አዶኒራም ለዘበኞቹ እጅ መንሻ ተሰጥቶለት፣ ሕፃኗን ታቅፎ መንደሩን እየዞረ የሚያጠቡ እናቶችን ጡት ለመነላት። ማሪያ የተረፈችው በበርማውያን እናቶች ወተት ነው። አንን ያስታመመው ደግሞ ሕንዳዊው ምግብ አብሳያቸው ነው፤ ወገኑ ያወጣውን የማይነካ የማይበላ ደንብ ሁሉ ረስቶ፣ ደመወዝም ሳይጠይቅ።

እስሩ 17 ወር ያህል ቆየ። አዶኒራም የወጣው መንግሥት ለድርድር አስተርጓሚ ስላስፈለገው ነው። በፌብሩዋሪ 1826 ሰላም ሲፈረም አን ከሞት አፋፍ የተመለሰች፣ ጸጉሯ የተላጨ፣ አጥንቷ የቀረ ሴት ነበረች። እንግሊዛዊው ጄኔራል በክብር ድንኳኑ ውስጥ ግብዣ አደረገላት። ከተጋበዙት የበርማ ሹማምንት አንዱ አን ስትለምነው ያባረራት፣ ጃንጥላዋንም የቀማት ሰው ነበር። ላብ በላብ ሆነ። እሷ ግን በቋንቋው የሚያስፈራህ ነገር የለም አለችው፤ ነገሩ በዚህ አለቀ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። አዲስ ሥራ ሊጀምሩ ባሕር ዳር ወዳለችው አምኸርስት ሄዱ። አዶኒራም ለእንግሊዝ ልዑካን ሊያስተረጉም ወደ አቫ ሲመለስ አን ቤት ልታሠራና ትምህርት ቤት ልትከፍት ቀረች። ትኩሳት ያዛት፤ ኦክቶበር 24 ቀን 1826 በ36 ዓመቷ ሞተች። አዶኒራም አቫ ሳለ ጥቁር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተሰጠው፤ ያመጣው ሰው የሞተችው ሕፃኗ መስላው ስለ ልጅህ እግዚአብሔር ያጽናህ አለው። ፖስታውን የከፈተው ማሪያን ሊያለቅስ ነው። ውስጡ ግን የተጻፈው የሚስቱ ስም ነበር። ማሪያ ከስድስት ወር በኋላ ተከተለቻት።

ሰውየው ተሰበረ። ጫካ ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ብቻውን ተቀመጠ፤ መቃብር ቆፍሮ አፋፉ ላይ ይቀመጥ ነበር። እኔ ነኝ ያመጣኋት ብሎ ራሱን ከስሶ እንደሆነ መገመት አይከብድም፤ ለአባቷ የጻፈው ሁሉ አንድ በአንድ ደርሶባት የለ? ያንን ጥያቄ እኛም እዚህ አንመልሰውም።

ያ አስቀያሚ ትራስስ? እስረኞቹ ሲነዱ አንድ ዘበኛ ልባሱን ገፎ ጥጡን ጣለው። ማውንግ ኢንግ የሚባል የተጠመቀ በርማዊ ለማስታወሻ ብሎ አንስቶ ቤቱ አኖረው። ከወራት በኋላ ሲፈታ ጽሑፉ ምንም ሳይሆን ውስጡ ተገኘ። አዶኒራም የቀረውን ቀጥሎ በ1834 ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ጨረሰ። ምያንማር ውስጥ ዛሬም የሚነበበው የጀድሰን ትርጉም እየተባለ ነው። መጠሪያው የቤተሰብ ስም ስለሆነ፣ የሁለቱም ነው ብሎ ማንበብ ይቻላል።