ከወሊማው ማግስት፦ የዐሊና የፋጢማ ቤት

የምረቃ ወቅት በደረሰ ቁጥር በጀመዓችን የኒካሕ ወሬ ይበዛል። በየኒካሑ ንግግር ላይ ደግሞ የዐሊና የፋጢማ (ረ.ዐ.) ስም ሳይነሳ አይቀርም፤ ሙሽሮቹን አላህ እንደነሱ እንዲያደርጋቸው ዱዓእ ይደረጋል፣ ሁላችንም አሚን እንላለን። አሚን ያልንበት ቤት ውስጡ ምን ይመስል እንደነበር ግን ብዙም አንነጋገርም።

ዐሊ ኢብን አቢ ጧሊብ በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ያደገ የአጎታቸው ልጅ ነው። ፋጢማን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ከፊታቸው ተቀምጦ አፉ አልፈታ ብሎት፣ የመጣበትን ነገር ራሳቸው እንዳወቁለት ይነገራል። ጋብቻው የተፈጸመው ከሒጅራ በኋላ በ2ኛው ዓመት ነው። ለመህር የሚሰጠው ገንዘብ ስላልነበረው የጦር ጥሩሩን ሰጠ። ሙሽራይቱ ይዛ የገባችው አንድ የሱፍ ልብስ፣ አንድ የውሃ አቁማዳ፣ ኢዝኺር የሚባል ሣር የተሞላ የቆዳ ትራስ ነበር። የነብዩ ልጅ ጥሎሽ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ነው። ፋጢማ እህሉን በእጅ ወፍጮ ራሷ ትፈጫለች፤ መዳፏ ቆሰለ። አቁማዳውን ተሸክማ ውሃ ስታመላልስ ማንገቻው ደረቷ ላይ ምልክት አወጣ። ቤት ስትጠርግ ልብሷ አቧራ ይለብሳል። ዐሊም ቢሆን ተመችቶት አልተቀመጠም፤ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳ በአንድ ባልዲ አንድ ተምር የተከፈለበት ጊዜ ነበር። ሐሰን በ3ኛው፣ ሑሰይን በ4ኛው ዓመት ተወለዱ፤ ዘይነብና ኡሙ ኩልሡምም ተከተሉ። ሥራውም እንደ ልጆቹ እየበዛ ሄደ።

አንድ ቀን ምርኮኞች መጡ መባልን ሰምተው አገልጋይ ለመጠየቅ ተመካከሩ። ፋጢማ ሄደች፤ አባቷን ስላላገኘቻቸው ጉዳዩን ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራ ተመለሰች። ማታ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው መጡ። ባልና ሚስቱ ተኝተው ነበር፤ ጭንቅላታቸውን ሲሸፍኑበት እግራቸውን በሚያስቀር ልብስ ውስጥ። ሊነሱ ሲሉ ባሉበት እንዲቆዩ ነገሯቸውና በመካከላቸው ተቀመጡ። ዐሊ የእግራቸውን ቅዝቃዜ በደረቱ ላይ እንደተሰማው ኋላ ሲያወራ ኖሯል። አገልጋይ አልሰጧቸውም። በመስጂዱ ጥግ የሚያድሩት ድሆች፣ አህሉ ሱፋ፣ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ሳለ ለልጃቸው መስጠት አልፈለጉም፤ ምርኮኞቹ ተሸጠው ገንዘቡ ለነዚያ ይውል ነበር። በምትኩ ሲተኙ 33 ጊዜ ሱብሓነላህ፣ 33 ጊዜ አልሐምዱሊላህ፣ 34 ጊዜ አላሁ አክበር እንዲሉ አስተማሯቸው። በማግስቱ ወፍጮው ያው ወፍጮ ነበር።

ይጣሉም ነበር። አንድ ቀን ነብዩ ወደ ቤታቸው ጎራ ቢሉ ዐሊ የለም። ፋጢማ መጋጨታቸውንና እሱ ተቆጥቶ የቀትር እረፍቱን ሳያደርግ መውጣቱን ነገረቻቸው። ምን እንዳጋጫቸው አልጠየቋትም። (ዛሬ ስንቱ ዘመድ ነው ሳይጠይቅ የሚያልፈው!) ሰው ልከው ካስፈለጉት በኋላ ወደ መስጂድ ሄዱ፤ ኩታው ከጎኑ ወድቆ አፈር ላይ ተኝቶ አገኙት። አፈሩን በእጃቸው እያራገፉለት አቡ ቱራብ፣ የአፈር አባት፣ ብለው ጠሩት። ዐሊ ከዚያ ወዲያ ከዚህ ስም አስበልጦ የሚወደው መጠሪያ አልነበረውም። ከሚስቱ ጋር በተጣላበት ቀን ያገኘው ስም ነው።

ከዚህ የከበደም ገጥሟቸዋል። ዐሊ በፋጢማ ላይ የአቡ ጀህልን ልጅ ለማጨት አስቦ ነበር። ፋጢማ ሰምታ ለአባቷ ነገረች፤ ነብዩም እሷን የሚያስከፋ ነገር እሳቸውንም እንደሚያስከፋ በሰው ፊት ተናገሩ። ዐሊ ተወው። እሷ በሕይወት እያለች ሌላ ሴት አላገባም። ይህን ታሪክ በኒካሕ ንግግር ላይ የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው፤ እኔ ግን ሙሽሮች ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካለፉ ስድስት ወር ያህል ቆይታ በ11ኛው ዓመት (632) ፋጢማ ሞተች። በሕመሟ ጊዜ አስከሬኗ በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርጿ መታየቱ ያሳስባት ነበር። በሐበሻ ምድር በስደት ዓመታት የኖረችው አስማእ ቢንት ዑመይስ እዚያ ያየችውን ቃሬዛ፣ ዘንባባ ጎብጦበት ጨርቅ የሚለብሰውን፣ ሠርታ አሳየቻትና ፋጢማ ደስ አላት ይባላል። ዐሊ ሌሊቱን ቀበራት።

ያን የመኝታ ዚክር ግን ከሰማበት ቀን ጀምሮ አልተወውም። በ37ኛው ዓመት (657) የሲፊን ጦርነት ሲካሄድ ፋጢማ ከሞተች 25 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ኋላ አንድ ሰው በሲፊን ሌሊት እንኳ አላለፈህም ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ በዚያም ሌሊት እንዳልተወው ነገረው።