የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የቅዱስ ገድል አይደለም። ከአዋሽ እስከ ሰመራ አብረናቸው የምንኖር የአፋር ወንድሞቻችን በክብር የሚያነሡት የአንድ ሙስሊም ገዥ ታሪክ ነው።

ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ የሙዳይቶ ሥርወ መንግሥት ተወላጅ ሲሆኑ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አርባ ዓመት ያህል አውሳን ገዙ። አውሳ የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በሐይቆች የሚቀርበት ለም ምድር ነው። ከጠረፍ ወደ ሸዋ የሚያወጣው የነጋዴ መንገድም በዚያ ያልፍ ስለ ነበር ብዙዎች ተመኙት።

በ1875 እ.ኤ.አ. የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ኢትዮጵያን በየአቅጣጫው ለመያዝ ሲነሣ፣ ወደ አውሳ ቨርነር ሙንዚንገርን ላከ። ይህ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ከካቶሊክ ቤተሰብ የወጣ ሊቅ ነበር። በከረን በቦጎሶች መካከል ኖሮ ከእነርሱ ሚስት አገባ፤ ሥርዓታቸውንና ሕጋቸውንም በ1859 በመጽሐፍ አሳተመ። ዳሩ ግን በ1872 ያንኑ አገር ለግብፅ በጦር ያዘ። አሁንም ጥቂት መቶ ወታደሮች አስከትሎ ከታጁራ ተነሣ። በኅዳር ወር የሱልጣኑ ተዋጊዎች በሌሊት ሰፈሩን መቱት፤ ሙንዚንገርም፣ ባለቤቱም፣ ከወታደሮቹ ብዙዎቹም ሞቱ። በዚያው ሰሞን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሌላውን የግብፅ ጦር በጉንደት፣ በ1876 መጀመሪያም በጉራዕ ድል አደረጉ።

የሱልጣኑ ቀሪ ዘመን ቀላል አልነበረም። በ1888 ከኢጣልያ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ከዐድዋ ጦርነት ቀደም ብሎም ዐፄ ምኒልክ አውሳ ከኢጣልያ ጋር እንዳያብር ወደዚያ ጦር ላኩ። በሁለት ኃያላን መካከል የተገኘ ትንሽ አገር ገዥ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ከዚህ እንረዳለን። ሱልጣኑ በ1902 ዐረፉ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ሙንዚንገር የሕዝቡን ቋንቋና ሕግ ያውቅ ነበር፤ እውቀቱ ግን ከጦር አልከለከለውም። የሰውን ቋንቋ መማር ሰውን መውደድ አይደለም። በአፋር ምድር የምናስተምር ሁላችን፣ ወደ ጎረቤታችን ደጅ የምንቀርበው መንገዱን ለመያዝ ነው ወይስ እንደ እንግዳ፣ ፈቃዱን ጠይቀን? በዚያች ሌሊት ከሁለቱም ወገን ለወደቁት ሁሉ እየጸለይን፣ ይህን ጥያቄ በየቤታችን እናሰላስለው። የሰላም አምላክ ከሁላችን ጋር ይሁን።