የራባይ ጎጆዎች እንግዳ

ልጆቻችን በአንዱ ክፍለ ጊዜ አማርኛ፣ በሌላው ስዋሂሊ ይማራሉ። ለሁለቱም ቋንቋዎች የደከሙ አንድ ሰው ስላሉ፣ በዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን ታሪካቸውን ልናስታውስ ወደድን። እኚህ ሰው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ናቸው። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ክራፍ በ1810 በደቡብ ጀርመን፣ በቱቢንገን አቅራቢያ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1839 ሸዋ ገብተው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር በአንኮበር ተቀመጡ። ሸዋ አስቀድሞ ክርስትናን የተቀበለ አገር ስለነበረ ከካህናቱ ጋር መከራከራቸው አልቀረም። የግዕዝ መጻሕፍትን ሰበሰቡ፤ ኦሮምኛም ተምረው ወንጌልን መተርጎም ጀመሩ። በ1842 ከሸዋ ከወጡ በኋላ ግን መመለሻው ተዘጋባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ከባለቤታቸው ከሮዚነ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ሲጓዙ፣ በሳሆዎች በረሃ ሴት ልጃቸው ያለ ጊዜዋ ተወልዳ ሞተችባቸው። ስሟንም በአማርኛ እንባ አሏት።

በ1844 ሞምባሳ ደረሱ። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ሮዚነ በትኩሳት ሞቱ፤ በቀናት ልዩነት አራስ ልጃቸው ተከተለች። ሮዚነ ከደሴቲቱ ማዶ፣ የአገሬው ሰው በሚያልፍበት መንገድ ዳር እንዲቀበሩ ተናዘው ስለነበር እንደ ቃላቸው ተደረገ። ክራፍ ራሳቸውም ታመው ነበር። ያም ሆኖ ወደ አገራቸው አልተመለሱም።

በ1846 ዮሐንስ ሬብማን የተባሉ ባልደረባ መጡላቸው። ሁለቱም በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ፣ ባለቻቸው አንዲት አህያ ላይ በየተራ እየተቀመጡ፣ ከሞምባሳ ሰሜን ምዕራብ ወዳለችው ወደ ራባይ መንደር ወጡ። ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ለጸሎት የሚመጣው ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ አንዳንዱም የሚበላ ነገር ካልተሰጠው መምጣቱ አልታየውም። ስለዚህ ሰው እስኪመጣ መጠበቁን ትተው እነሱ ወደ ሰው ሄዱ። በየጎጆውና በየእርሻው እየዞሩ ከባለቤቶቹ ጋር ያወጉ ነበር።

ሰው ቤት የገባ እንግዳ አዛዥ ሊሆን አይችልም። የሚቀመጠው በተሰጠው መቀመጫ ላይ ነው፤ የሚናገረውም በአስተናጋጁ ቋንቋ ነው። ክራፍ የሕዝቡን ልማድ አንዳንድ ጊዜ አክርረው ይነቅፉ እንደነበር ጽሑፎቻቸው ያሳያሉ። ይሁን እንጂ በር እያንኳኩ የሰው ቋንቋ መማር ነበረባቸው። ከዚያ ድካም የተገኘውን የስዋሂሊ ሰዋስው በ1850 አሳተሙ።

አውሮፓውያን ክራፍን ይበልጥ የሚያነሡት በ1849 የኬንያን ተራራ ከሩቅ በማየታቸው ነው። እኛ ግን ምሪንጌ የተባሉትን አካል ጉዳተኛ ማንሣት እንወዳለን። ሰው ብዙም የማይቆጥራቸው እኚህ የራባይ ሰው፣ ከሚሲዮናዊው ጋር ስለሚመጣው ዓለም እያወጉ ያመሹ ነበር። በራባይ የመጀመሪያው ተጠማቂ እሳቸው ሆኑ፤ የተጠመቁትም ሊሞቱ ሲሉ ነው።

ክራፍ አርቆ አሳቢ፣ አንዳንዴም ችኩል ነበሩ። የሚሲዮን ጣቢያዎችን በሰንሰለት እያያያዙ አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ያልሙ ነበር። ሕልማቸው ሳይፈጸም ጤናቸው ተቃውሶ በ1853 ወደ ጀርመን ተመለሱ። ሬብማን ግን እስከ 1875 እዚያው ቆዩ፤ የሄዱትም ዓይናቸው ጠፍቶ ነው። ክራፍ በአገራቸው ሆነው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን በማረም ደከሙ። በ1881 ኮርንታል በተባለች ከተማ፣ በአልጋቸው አጠገብ እንደ ተንበረከኩ ሞተው ተገኙ። የስዋሂሊ መዝገበ ቃላታቸው የታተመው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ከራባይ ሲለዩ የተጠመቀው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። እንደ ፈተና ውጤት ብንቆጥረው ወድቀዋል እንላለን። እኛም በትምህርት ቤታችን ልጆችን በነጥብ ስንመዝን እንውላለን፤ የብዙዎቹን የቤታቸውን ደጃፍ ግን አንዴም አልረገጥነውም። የክራፍን ታሪክ ስናነብ ይህ ከነከነን። ስለዚህ በሚመጣው ዓመት ልጅ ከትምህርት ሲቀር ደብዳቤ ከመላካችን በፊት ቤቱ ድረስ ሄደን ልንጠይቀው፣ በተሰጠንም መቀመጫ ላይ ተቀምጠን ልናዳምጥ ተስማምተናል።