ዐፄ ቴዎድሮስና መልስ ያጣው ደብዳቤ

ያለፈው ዓመት ለእኔ የፈተና ዓመት ነበር። ሌሊቱን በኩራዝ ሳጠና የከረምሁበት አንድ ትምህርት ውጤቱ ሲነገር ከ100 46 ብቻ ሆነልኝ። እኔው ራሴ ያስጠናሁት ጓደኛዬ ግን 71 አገኘ። ተበድያለሁ ብዬ ለመምህሬ አጭር ማስታወሻ ጻፍሁና በጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁት። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ፤ መልስ የለም። በየሳምንቱ ስንቁን ከገጠር ተሸክሞ የሚመጣ የደኻ ልጅ ስለ ሆንሁ ንቀውኛል አልሁ። ከዚያ በኋላ የእርሳቸው ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከክፍል እየወጣሁ መሄድ ጀመርሁ፤ እንዲያውም ትምህርቱን ጨርሶ ለመተው አስቤ ነበር።

እንዲህ ቂም ይዤ ሳለሁ፣ አንድ እሑድ ወደ ጋፋት በእግሬ ወጣሁ። ጋፋት ለደብረ ታቦር ልጅ ሩቅ አይደለም። ዳግማዊ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ያሰፈሩበትና መድፍ ያሠሩበት ቦታ መሆኑንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። በዚያ ተቀምጬ የንጉሡን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳስታውስ፣ አስቀድሞ ያላስተዋልሁት ነገር ታየኝ። ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ ከእኔ ይልቅ የምታውቁት ብዙዎች ናችሁ፤ ሆኖም እኔን ስለ ጠቀመኝ እንደሚከተለው ጻፍሁት።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ ነበር። አባታቸው ኃይለ ጊዮርጊስ ገና በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር አሳደጓቸው። በኋላ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው የነበረው ስለዚህ ነው። ለትምህርት የገቡበት የጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳምም በጦርነት ስለ ተዘረፈ፣ ነፍሳቸውን ይዘው አመለጡ። ከዚያም በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደጉ። ክንፉ ሲሞቱ ግን የሚገባቸውን ግዛት ስለ ተከለከሉ፣ ካሣ ጫካ ገብተው ሸፈቱ።

ንቀት ሰውን ሁለት ነገር ያደርገዋል፤ ወይ ይሰብረዋል ወይ ያነሣሣዋል። ካሣን አነሣሣቸው። ራስ ዓሊ ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ድረው ሊያለዝቧቸው ቢሞክሩም፣ በቤተ መንግሥቱ የነበረው ንቀት አልቀረም። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው ፎክረው ቢዘምቱ፣ ራሳቸው ተማረኩና ካሣ ኮሶ አስጠጧቸው ተብሎ ይነገራል። ከዚህ በኋላ በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሡ። ወዲያውም በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ንጉሠ ነገሥቱ በመሳፍንት ተከፋፍላ የነበረችውን አገር አንድ ለማድረግና ጥበብን ለማስገባት ደከሙ። በጋፋት ዋልድማየርንና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎችን አሰፈሩ፤ የአገራችን ወጣቶችም ከእነርሱ ዘንድ ሙያ እንዲማሩ አደረጉ። ከሰዎቹ ብዙዎቹ ወንጌል ለማስተማር የመጡ እንጂ መድፍ የመሥራት ሙያ የነበራቸው አልነበሩም። ንጉሡ ግን አንችልም የሚለውን ቃል አልተቀበሉም። እያስገደዱም እያባበሉም፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠሩ። መንገድ ሲሠራም እርሳቸው ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልመለስ። በጥቅምት ወር 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት ፈለጉ፤ ከቱርኮች ጋር ያላቸውን ጠብ ገለጡ፤ መልእክተኞቻቸው በደኅና የሚደርሱበት መንገድ እንዲከፈትላቸውም ጠየቁ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ። ይሁን እንጂ የውጭ ጉዳይ ሹማምንት ከቁም ነገር ሳይቈጥሩት ወደ ጐን አኖሩት፤ መልስም ሳይጻፍለት ቀረ። ንጉሡ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቁ። ቆንሲሉ ካሜሮንም ጠላቶቻቸው ወደሚገዙት አገር ደርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ንቀት የቈሰቈሳቸው ንጉሥ ይህን ዝምታ ሌላ ንቀት ነው ብለው ተረዱት። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንንና ሌሎችን አሰሩ።

በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ራሳም የሚባለው መልእክተኛ የንግሥቲቱን መልስ ይዞ ደረሰ፤ ንጉሡም በክብር ተቀበሉት፤ እስረኞቹንም ፈቱ። ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ጥርጣሬ ዳግመኛ ገባባቸውና ራሳምን ጭምር አሰሩ። እርሱና ባልደረቦቹም በዚህችው በጋፋት ጥቂት ሰንብተው ወደ መቅደላ ተላኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሁሉን የጠረጠረም እንዳይመነጠር ያሠጋል።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስም ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በብዙ መቶ ሰዎች እያስጐተቱ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ገደልና ሸለቆ አቋርጠው መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ጦራቸው ተሸነፈ። የውጭ አገር እስረኞችን ሁሉ ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ያ ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ አስቀድማ በስጦታ የላከችላቸው ነበር። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ ላይ ይገኛል።

እኔ በንጉሡ ላይ ለመፍረድ አቅም የለኝም። ደብዳቤያቸውን ችላ ያሉት ሰዎች በድለዋቸዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በደሉ ከቸልተኛነት የመጣ እንጂ የእናታቸውን ድኽነት ያሰበ ንቀት አልነበረም። ዝምታውን በአሮጌው ቍስላቸው ስለ ተረጐሙት ጥፋቱ ከደብዳቤው በለጠ።

ሰኞ ጠዋት ወደ መምህሬ ሄድሁና፣ ጕልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ስለ ማስታወሻዬ ጠየቅኋቸው። መሳቢያቸውን ሲስቡ ከሦስት ክፍል የፈተና ወረቀት በታች ተኝታ ተገኘች። ልመልስልህ አስቀምጬው ረሳሁት ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ወረቀቴን አብረን ስናየው፣ ሳይታረም የታለፈ አንድ ገጽ ተገኘና 9 ነጥብ ተጨመረልኝ። የቀረው ግን የራሴ ስሕተት ነበር። ከክፍል በቀረሁባቸው ቀኖች የተሰጠው ፈተናም አልተመለሰልኝም፤ ያን ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። ጓደኞቼ ሆይ፣ ተበደልን ስትሉ በአክብሮት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ባታገኙ ደግማችሁ ጠይቁ። መምህሮቻችንም፣ በመሳቢያችሁ ውስጥ የአንድ ተማሪ ማስታወሻ ተኝታ እንደ ሆነ እባካችሁ አንድ ጊዜ ፈልጉልን።