የሻማ ሠሪው ልጅ መዝገብ
የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሕይወትና የቁጠባው ፍሬ

ሂሳብ መያዝ እንጀራው የሆነ ሰው የሌላውን ገቢና ወጪ ሲያመዛዝን ይውላል እንጂ ማታ ቤቱ ሲገባ የራሱን መዝገብ የሚከፍት ጥቂት ነው። ደመወዝ በተከፈለ በሁለተኛው ሳምንት ከባልደረባ ብድር መጠየቅም በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነገር ነው። ይህ የሚሆነው ደመወዙ ስላነሰ ብቻ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም የደመወዝ ጭማሪ ብቻ በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን ጭማሪው ሲመጣ ወጪው ቀድሞ ደርሶ ሲጠብቀው ይታያል።

ስለ ቁጠባ በቃል መምከር ቀላል ነው። ከምክሩ ይልቅ አንድ ሰው በኑሮው እንዴት እንደ ሠራበት መመልከት ይሻላል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅ የኤሌክትሪክ ኃይል መሆኑን በማስረዳቱና የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት አንዱ በመሆኑ ስሙ ከዳር እስከ ዳር የታወቀ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ግን ምርምሩን ወይም ፖለቲካውን ሳይሆን የገንዘብ ከረጢቱን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ፍራንክሊን በጃንዋሪ 17 ቀን 1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆሳያ ከሞራ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ፣ ከሁለት ሚስቶች 17 ልጆች የወለደ ሰው ሲሆን፣ ቤንጃሚን ከወንዶቹ ልጆች የመጨረሻው ነበረ። ትምህርት ቤት የቆየበት ጊዜ ሁለት ዓመት አይሞላም። በ10 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ የሻማ ክር ሲቆርጥና የቀለጠ ሞራ በቅርጹ ውስጥ ሲያፈስስ ዋለ። በ12 ዓመቱም ታላቅ ወንድሙ ጄምስ በከፈተው ማተሚያ ቤት ለማጅ ሆኖ ገባ።

የመጀመሪያውን የቁጠባ ትምህርት ያገኘው በዚህ ቤት ነው። ወንድሙ ገና አላገባም ነበርና የራሱንና የለማጆቹን ምግብ ለሌላ ቤት እየከፈለ ያስቀልብ ነበር። ቤንጃሚን በ16 ዓመቱ ገደማ ሥጋ መብላት ትቶ ስለ ነበር፣ ለእርሱ ምግብ ከሚከፈለው ግማሹ በእጁ ቢሰጠው ራሱን እንደሚመግብ ለወንድሙ አመለከተ። ወንድሙም በደስታ ተቀበለ። ቤንጃሚን ከዚያች ግማሽ እንደ ገና ግማሽ አተረፈና መጽሐፍ ገዛባት። ትርፉ ግን ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እርሱ ቁራሽ ዳቦውን ወይም ጥቂት ዘቢቡን በውሃ አወራርዶ፣ እስኪመለሱ ድረስ ባለው ጊዜ ያነብ ነበር። ገንዘብ መቆጠብ ጊዜን መግዛት መሆኑን ገና በልጅነቱ እንዲህ ተረዳ። የኋላ ሕይወቱ ሁሉ በዚህ ግንዛቤ ላይ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1723 ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ወደ ፊላዴልፊያ ኮበለለ። ወጣትነቱ ግን ያለ ስሕተት አላለፈም። ቨርነን የሚባል ሰው 35 ፓውንድ ያህል ዕዳ እንዲሰበስብለትና እስኪጠይቀው ድረስ እንዲያስቀምጥለት አደራ ሰጥቶት ሳለ፣ መጠጥ ያሸነፈው አንድ ጓደኛው በብድር ስም ከዚያው ገንዘብ እየወሰደ ጨረሰበት። ፍራንክሊን ባለቤቱ ገንዘቡን ይጠይቀኝ ይሆን እያለ ለዓመታት በስጋት ኖረ። በመጨረሻ ሲጠየቅ ዕዳውን ሳይክድ ቀነ ቀጠሮ ለመነ፤ ሲሳካለትም ከነወለዱ ከፈለ። ይህንን በደል በገዛ እጁ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ከዋና ዋና ስሕተቶቹ መካከል ቆጥሮታል። የሰው ገንዘብ በእጁ የሚያልፍ ባለሙያ ሁሉ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ሊያነበው ይገባል።

በ1724 የፔንሲልቬኒያው ገዥ ዊልያም ኪት የማተሚያ መሣሪያ መግዣ የብድር ደብዳቤ እሰጥሃለሁ ብሎ ወደ ለንደን ላከው። መርከቡ ሲደርስ ግን የተባለው ደብዳቤ ጨርሶ አልነበረም። ፍራንክሊን በባዕድ አገር ቀርቶ በሰው ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። በዚያ የሚሠሩት ባልደረቦቹ ለጉልበት ይሆነናል እያሉ ቀኑን ሙሉ ቢራ ይጠጡ ነበር። አብሮት ከሚሠሩት አንዱ በቀን ከሦስት ሊትር በላይ ይጠጣና ቅዳሜ ማታ ከደመወዙ ላይ አራት ወይም አምስት ሺሊንግ ይከፍል ነበር። ፍራንክሊን በቢራው ውስጥ ያለው ኃይል ከተፈጨው ገብስ ያለፈ ስላልሆነ፣ የአንድ ሳንቲም ዳቦ ከውሃ ጋር የበለጠ እንደሚያበረታ አስረዳቸው። ራሱም ውሃ እየጠጣ ሌላው በሁለት እጁ የሚያነሣውን አንድ የፊደል ገበታ በየእጁ አንድ አንድ ይዞ ደረጃ ይወጣ ነበር። ጥቂቶች ሰምተውት ልማዳቸውን ለወጡ፤ የቀሩት ግን በየቅዳሜው ባለ ዕዳ እንደ ሆኑ ቀሩ። ይሁንና ውሃ ጠጪው ፍራንክሊንም ከለንደን ሀብታም ሆኖ አልተመለሰም። 27 ፓውንድ ያህል ለጓደኛው ለራልፍ አበድሮ በዚያው ቀርቶበታል። ለራሱ ቆጣቢ የሆነ ሰው ለወዳጁ እንቢ ማለት ካላወቀ ከረጢቱ ቀዳዳ እንደ ሆነ ይኖራል።

በ1726 ወደ ፊላዴልፊያ ተመለሰና በ1728 ሂው ሜሬዲት ከሚባል ሸሪክ ጋር ማተሚያ ቤት ከፈተ። የሸሪኩ አባት ለመሣሪያው 200 ፓውንድ ሊከፍል ተስማምቶ ግማሹን ብቻ ስለ ከፈለ ባለ ዕዳው ከሰሳቸው። በዚያ የጭንቅ ጊዜ ኮልማንና ግሬስ የሚባሉ ሁለት ወዳጆቹ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሊያበድሩት ቀረቡ። እርሱም ሁለቱም እንዳይከፉበት ከእያንዳንዳቸው እኩሌታውን ተቀበለ። ሸሪኩን ካሰናበተ በኋላ ዕዳውን ጥቂት በጥቂት ከፍሎ ወጣ።

የእነዚያ ሰዎች እምነት ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ፍራንክሊን ቀላል ልብስ ይለብስ፣ ሥራ ፈቶች ከሚሰበሰቡበት ቦታ ይርቅ፣ የገዛውን ወረቀት በእጅ ጋሪ እየገፋ በአደባባይ ያልፍ ነበር። ታታሪ መሆን ብቻ ሳይሆን ታታሪ ሆኖ መታየትም እንደሚጠቅም ያውቅ ነበር፤ ነጋዴዎች ወረቀትና መጽሐፍ በዱቤ የሚሰጡት ይህን አይተው ነውና። በዚያው ከተማ ዴቪድ ሃሪ የሚባል ወጣት አታሚ ግን እንደ ባላባት እየለበሰና በውድ እየኖረ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ሥራውም ከእጁ አምልጦ ማተሚያውን ጭኖ ወደ ባርባዶስ ደሴት ሄደ። የሁለቱ ሙያ አንድ፣ ከተማቸው አንድ ነበር።

በ1730 ዲቦራ ሪድን አገባ። በሙያና በትጋት ከባሏ የማታንስ ሴት ነበረች። የታተመውን ታጥፋለች፣ ትሰፋለች፣ ሱቁን ትጠብቃለች፣ ለወረቀት ሠሪዎች የሚሸጥ ያረጀ ጨርቅ ትገዛለች። ቁርሳቸው ዳቦና ወተት ሲሆን ፍራንክሊን በርካሽ የሸክላ ሳሕን በቆርቆሮ ማንኪያ ይበላ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግን በቻይና ሳሕንና በብር ማንኪያ ቀረበለት። ዲቦራ ሳታማክረው በ23 ሺሊንግ ገዝታው ነበር። ያቀረበችው ምክንያት ባሌ ከጎረቤቶቻችን ባሎች በምን ያንሳል የሚል ብቻ ነበረ። 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ስለሆነ ለዚያ ቤት ቀላል ወጪ አልነበረም። ከዚያች አንዲት ሳሕን በኋላ የቤቱ የብርና የሸክላ ዕቃ እየበዛ ሄዶ ብዙ መቶ ፓውንድ ደረሰ። ፍራንክሊን ይህን ሲተርክ ሚስቱን አልወቀሰም። የሚያሳየው ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ትርፍ ወጪ የሚገባው በጠላትነት ሳይሆን በፍቅርና በክብር በር ነው።

በዚሁ ዘመን 13 ምግባራትን ዘርዝሮ ትንሽ መዝገብ አዘጋጀ። በየገጹ ለሰባቱ ቀኖች ሰባት ዓምድ አስምሮ፣ ያጠፋበትን ቀን በጥቁር ነጥብ ያመለክት ነበር። ቁጠባ በዝርዝሩ አምስተኛው ነው። ተራው የተመረጠበት ምክንያትም ነበረው፤ ቁጠባና ትጋት ከቀረበት ዕዳ ነጻ አውጥተው በገዛ እግሩ ካቆሙት በኋላ እውነተኛና ፍትሐዊ መሆን ይቀልለኛል ብሎ ያምን ነበር። ባለ ዕዳ እውነት ለመናገር እንደሚቸገር ከቨርነን ገንዘብ ተምሯልና።

ብቻውን መቆጠብም አልበቃውም። በ1731 ከወዳጆቹ ጋር የመጻሕፍት ማኅበር አቋቋመ። እያንዳንዱ አባል ሲገባ 40 ሺሊንግ፣ ከዚያም በየዓመቱ 10 ሺሊንግ እያዋጣ፣ አንድ ሰው ሊገዛው የማይችለውን መጽሐፍ ሁሉም አነበበው። በ1736 የእሳት አደጋ መከላከያ ማኅበር፣ በ1752 ደግሞ ቤት ሲቃጠል አባላቱ በመዋጮ የሚካሱበት መድን ተመሠረተ። ዕድርና ዕቁብ ላሳደጉን ለእኛ ይህ እንግዳ አሳብ አይደለም።

ከ1732 ጀምሮ እስከ 1758 እትም ድረስ በየዓመቱ ያሳተመው ባለ ምሳሌያዊ አነጋገር የቀን መቁጠሪያ በዓመት ወደ 10,000 ቅጂ ይሸጥ ነበር። በመጨረሻው እትም መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ ሐራጅ በሚሸጥበት ስፍራ ለተሰበሰበው ሕዝብ ስለ ቁጠባ ሲመክሩ ይተርካል። ሕዝቡ ምክሩን አመስግኖ ሲያበቃ ሐራጁ በተከፈተ ጊዜ እየተሻማ ገዛ። በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎመው ይህ ጽሑፍ የምክርን አቅም ምን ያህል እንደሆነ ራሱ መካሪው እንዳወቀው ያሳያል።

የሕይወቱ ዋና ውሳኔ የመጣው በ1748 ነው። ገና በ42 ዓመቱ፣ ሥራው በደመቀበት ሰዓት፣ ማተሚያ ቤቱን ለሸሪኩ ለዴቪድ ሆል አስረከበ። በውሉ መሠረት ለ18 ዓመት ከትርፉ ድርሻውን እየተቀበለ ከዕለት ሥራ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛና ሦስተኛ ማተሚያ በከፈተ ነበር። እርሱ ግን የሚበቃውን ያህል ወስኖ ነበርና በቃኝ አለ። በ1752 የተሳካው የመብረቅ ምርምር የተሠራው በዚህ በተገዛ ጊዜ ነው። የማገዶ ወጪ የሚቀንስ ምድጃ በፈለሰፈ ጊዜም የብቻ መብት ሲሰጠው አልቀበልም ብሏል።

መዝገብ የሚመረምር ሰው ግን አንዱን ዓምድ ብቻ አንብቦ አይፈርምም። በፍራንክሊን ቤት ባሮች ነበሩ፤ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ እያወጣ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ስለዚህ የዚያ ቤት ትርፍ ከራሱ ትጋትና ቁጠባ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ደመወዝ ያልተከፈላቸው ሰዎች ድካም አለበት። በ1787 የባርነት ተቃዋሚዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1790 ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩትም ባርነት እንዲቀር ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበውን አቤቱታ ፈረመ። ይህ ከኋለኛው ዕዳ ጥቂቱን የከፈለበት እንጂ ሁሉን የዘጋበት አይደለም። ዲቦራም ባሏ ለንደን ሳለ ቤቱን ብቻዋን እያስተዳደረች በ1774 ሞተች፤ በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ዓይኑን አላየችም። በ1779 ልጁ ሳራ ከፈረንሳይ ዳንቴልና የጌጥ ላባ እንዲልክላት ብትጠይቀው፣ በጦርነት ጊዜ ይህ አይገባም ብሎ ገሠጻት፤ በዚያው ዓመት በእርሱ ጓዳ ከ1,000 ጠርሙስ በላይ የወይን ጠጅ ነበር።

ጨዋታ ወዳድነቱ ግን ከቁጠባው ጋር እስከ ሽምግልናው ዘለቀ። በ1784 የፓሪስ ሰዎች ረፍደው መነሣታቸውን እያየ ለቀልድ አንድ ስሌት አሳተመ። 100,000 ቤተሰቦች ለ183 ሌሊት፣ በየሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሻማ ቢያበሩ 128,100,000 ሰዓት ይሆናል። በሰዓት ግማሽ ፓውንድ ሰምና ሞራ ሲታሰብ 64,050,000 ፓውንድ ይነድዳል፤ ዋጋውም 96,075,000 የፈረንሳይ ሊቭር ነው። በፀሐይ መነሣት ይህን ሁሉ ያተርፍ ነበር። የሻማ ሠሪው ልጅ በ78 ዓመቱም ሻማ ይቆጥር ነበር።

በኤፕሪል 17 ቀን 1790 በ84 ዓመቱ ሲሞት፣ ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ገንዘቡ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ባለ ትዳር የእጅ ባለሙያዎች በሁለት ዋስ፣ በመቶ አምስት ወለድ፣ በአሥር ዓመት እየተከፈለ እንዲበደር አዘዘ። በ100 ዓመት 131,000 ፓውንድ እንደሚደርስም አስልቶ ነበር፤ የሚጠራጠር ባልደረባ ስሌቱን ራሱ ይሞክረው። በተግባር ያልከፈሉ ተበዳሪዎች ስለ ነበሩና በኋላም ለማጅነት ስለ ቀረ የታሰበው ያህል አላደገም። ሆኖም 200 ዓመቱ በ1990 ግድም ሲሞላ የቦስተኑ ከ4 ሚልዮን ዶላር በላይ፣ የፊላዴልፊያው ወደ 2 ሚልዮን ዶላር ደርሶ ተገኘ። በሌላ በኩል ከቆየ መዝገቡ ያልተሰበሰቡትን ብድሮች ለፔንሲልቬኒያ ሆስፒታል ቢያወርስም፣ ሆስፒታሉ ሊሰበሰቡ የማይችሉ መሆናቸውን አይቶ መለሳቸው። የቁጠባ መምህሩም የማይሰበሰብ ተሰብሳቢ ሂሳብ ነበረው ማለት ነው።

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ሥጋ መተው ወይም ጋሪ መግፋት አይደለም። ዘመኑም አገሩም ሌላ ነው። የሚወሰደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወጪን ከመርሳት በፊት መጻፍ፤ ሁለተኛ፣ አደራን ከራስ ገንዘብ ለይቶ ማስቀመጥ፤ ሦስተኛና ዋናው ደግሞ፣ የሚቆጠበው ለምን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው። ዓላማ የሌለው ቁጠባ ወደ ስስት ያደርሳል። ዓላማ ያለው ቁጠባ ግን ለተማሪ የንባብ ሰዓት፣ ለባለ ዕዳ ቀና ብሎ መሄድ፣ ለሂሳብ መርማሪ ደግሞ ትክክል ያልሆነውን ሰነድ አልፈርምም ለማለት የሚያስችል የሦስት ወር አስቤዛ ይሆናል። በዚህ ሙያ ላይ ለሚኖር ሰው ከዚህ የሚበልጥ ሀብት አይገኝም።